እስከ ፍልሰታ የተመረገው ጎተራ

ሰሞኑን ካፊያ በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ሰምቼ ክው አልኩ። ያንን ድምፅ ልጅ ሳለሁ አውቀዋለሁ፣ ያኔ ግን የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን የካ ውስጥ፣ ካራ ከነበረው ቤታችን ጓሮ፣ ከአባዬ የስንዴ ጎተራ ውስጥ ነበር።

አባዬ እህል ነጋዴ ነበር። ጥር ላይ ገበሬው ሁሉ ለግብሩና ለሠርጉ ብሎ እህሉን በአንድ ጊዜ በአህያ ጭኖ ሲመጣ፣ መንገድ ዳር ጠብቆ በርካሽ ይገዛና ጎተራውን ሞልቶ አፉን በእበትና በጭቃ ይመርገው ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ አህያው ይቀራል፣ ከተማው ግን መብላቱን አይተውምና የቁናው ዋጋ በየሳምንቱ ይወጣል። አባዬ ዝናቡን እንደ ዘመድ ነበር የሚጠብቀው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ይልቁንም ሆዱ ቶሎ ስለሚባባ የለመነውን ሁሉ እምቢ ማለት ያቅተው ነበር። ለዚህም አንድ ዓመት መላ አገኘሁ ብሎ እንጦጦ ራጉኤል ወጣና፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ጎተራውን ላይከፍት ማለ።

ሰኔ ላይ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ጓሮውን ሲውጠው፣ እኔ ጀርባዬን ጎተራው ላይ ለጥፌ እሞቅ ነበር። ሌላው ነገር ሁሉ በረዶ ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይግላል፣ ጆሮዬን ሳስጠጋ ደግሞ ያ የካፊያ ድምፅ ብዙ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየበሉ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ውሻችን አጠገቡ መተኛት ተወ። እኔም እፈራ ነበር፣ ግን በየቀኑ እሄድ ነበር።

ሐምሌ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች የምትሸጠው፣ ጡት የሚጠባ ልጇን አዝላ መጣች። የእንጨቷ ዋጋ እዚያው ነው፣ የስንዴው ግን ጣሪያ ነክቷል።

«ጋሼ፣ አንድ ቁና ብቻ ይስጡኝ። ወተቴ ደርቋል» አለችው።

«በራጉኤል ምያለሁ፣ ብርቄ። እጄ ታስሯል» አላት መሬት መሬት እያየ።

የመልአኩ ስም ሲጠራ ሳትከራከር እጅ ነስታ ሄደች። እማዬ ከጓዳ ጥቂት ገብስ ቋጥራ ላከችላት፣ ለሦስት ቀን እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

እኔም ያን ጊዜ አላስችል አለኝና «አባዬ፣ ጎተራው ውስጥ የሚበሉ ሰዎች አሉ» አልኩት። ሊስቅ ሲል ጎትቼ ወሰድኩት፣ ጆሮውንም አስጠግቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ነቀዝ ነው» አለች እማዬ። «የነፍስ አባትዎ ጋ ይሂዱና ከመሐላው ይፍቱዎት፣ ለብርቄም ይድረሱላት።»

«ዋጋ እስኪወጣ ብዬ ነው የማልኩት ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው?» አላት።

አባዬ በኀፍረት እንደተያዘ ፍልሰታ ገባ። ጾሙ በተፈታ ማግስት ምርጉን ሲፈነክተው፣ ሞቃት ትንፋሽ ፊታችንን መታን፣ ከዚያም ጥቁር ነቀዝ እየፈሰሰ እስከ ክንዱ ወጣበት። እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ሲጨብጠው ስንዴው ዱቄትና ገለባ ሆኖ በጣቶቹ መሃል ወረደ። ገበያውም የእኛን እህል በማጣቱ ዋጋው ጭራሽ ባሰበት። አባዬ ከሥር አበጥሮ አንድ ቁና ደህና ስንዴ አወጣና ራሱ ተሸክሞ ወደ እትዬ ብርቄ ቤት ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ምድጃው ውስጥ የዝናብ ውኃ ቆሟል፣ የእንጨት መሸከሚያ ገመዷ ከነቋጠሮው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። መቼ እንደሄደች ያየ ሰው አልነበረም። አባዬ ስሟን ሦስት ጊዜ ተጣርቶ ቁናውን ደጃፏ ላይ አስቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስንዴው እዚያው ሰነበተ፣ የመንደሩ ዶሮ እንኳ አልነካውም። እናትና ልጁን ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም።

አሁን የምኖረው እዚያው የካ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ነው። ዘንድሮ ጤፍ ሊወደድ ነው የሚል ወሬ ስሰማ እንደ ሰው ሁሉ ሮጬ ገዛሁና ጓዳዬን እስከ ጣሪያው ሞላሁት። ባለፈው ሳምንት የታችኛዋ ጎረቤቴ ልጇን አቅፋ አንኳኳችና እስከ ደመወዝ የሚሆን ትንሽ ዱቄት ጠየቀችኝ። አባዬ እምቢ ለማለት ተራራ ወጥቶ መማል አስፈልጎት ነበር። እኔ ግን በሩን ገርበብ አድርጌ «ውይ የኔ እመቤት፣ አለቀብኝ እኮ» አልኳት።