ወስፌ የነካው ቋሊማ

ስብ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ያስደነግጠኛል። ባለፈው ቅዳሜ ላፍቶ ታክሲ ስጠብቅ ከአንድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ሰማሁት። ወዲያው መካኒሳ፣ የድሮው ግቢያችን፣ አጎቴ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ የሠራው መጥበሻ ፊቴ ድቅን አለ።

አጎቴ ጀርመን አገር ብየዳ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በቋሊማው ነው። በየፋሲካው ማግስት ከቅርጫ የደረሰንን ሥጋ ከነስቡ ይፈጭና በገውዝና በቁንዶ በርበሬ ያሸዋል፤ በሎሚ ታጥቦ የጠራ አንጀት ውስጥ ይሞላዋል። ከዚያ ሙቅ ውኃ ውስጥ ያሳርፈዋል፤ ውኃው መንተክተክ የለበትም። የሚጠበሰው ፍሙ አመድ ከለበሰ በኋላ ነው። አንድ ሕግ ነበረው፤ ቋሊማ አይወጋም። «ከተወጋ ጭማቂው ያልቃል። የሚተርፍህ ቆዳው ነው» ይል ነበር።

ራሱ በይዶ የሠራውን ረጅም የቋሊማ መገልበጫ ጉጠት ግን የሰጠው ለእኔ አልነበረም፤ ለጎረቤታችን ልጅ፣ ለእኩያዬ ነው።

«የእሱ እጅ ይታገሣል፤ አንተ ትቸኩላለህ» አለኝ።

ውኃው መቼ እንደሚወርድ፣ ገውዙ ምን ያህል እንደሚፋቅ በዓይኔ ሰርቄ የተማርኩት እኔ ነበርኩ። ደግሞስ የእናቴ ወንድም አይደል? ሁለቱ ፍሙ ላይ አጎንብሰው በጀርመንኛ ሲቀላለዱ ሳይ ፊቴን አዞር ነበር። ልጁ የሚያውቀው ሦስት ቃል ቢሆን ነው። ለእኔ አንዱንም አላስተማረኝም።

አንድ ዓመት ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቷል። ቋሊማዎቹ ከውኃ ወጥተው ማድ ቤት ትሪ ላይ ተደርድረዋል፤ አሥራ አራት ነበሩ። የእናቴን የስፌት ወስፌ ከግድግዳው ነቀልኩና እያንዳንዱን በሥሩ በኩል ሦስት ሦስት ጊዜ ወጋሁት።

መጥበሻው ላይ እንዳረፉ ስቡ ወረደ፤ ነበልባሉ ዘለለ። ልጁ ጉጠቱን ይዞ ወዲያና ወዲህ ቢራወጥም አንድም አላተረፈም። ጠቆሩ፤ ተጨማደዱ።

«እሰይ የጀርመን ሙያ! ከሰሉን ነው ሥጋውን የምንበላው?» አሉ አንዲት ጎረቤት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ጋሼ፣ ፍሙን ያበዛሁት እኔ ነኝ» አለ ልጁ፣ አቀርቅሮ።

አጎቴ አንዱን አንስቶ ገለበጠው። ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የእህቱን ልጅ በእንግዳ ፊት ማዋረድ ከበደው መሰለኝ፣ ቋሊማውን ቀዳዳው እንዳይታይ ገልብጦ መለሰው። ጉጠቱን ከልጁ እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደና ዘረጋልኝ።

«እንካ። ይኸው፣ ያንተ ነው።»

ልጁ ከዚያ ወዲያ በጓሯችን በር ብቅ ብሎ አያውቅም። አጎቴም እሳቱን ለእኔ ትቶ ከርቀት ይቀመጥ ጀመር።

አሁን አጎቴ የለም። ያን የጎረቤታችንን ልጅ አምና መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሴት ልጁን አዝሎ አገኘሁት። አጎቴን አንስተን ተጫወትን። አሁንም ይጠብስ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ኧረ ተወኝ!» ብሎ ሳቀ። «ሚስቴ እንኳ ከሰል ስታያይዝ ዞር በል ነው የምትለኝ። እኔ ለእሳት የሚሆን እጅ የለኝም። ያኔ አይተህ የለ?»

«አይቻለሁ» አልኩት።