ለመናፈሻ ተብለው የተቆረጡት ጽዶች

ዛሬ ጠዋት እዚሁ መካነ ሰላም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ዛፍ አቅፌ «አላስቆርጥም!» ስል አረፈድኩ።

ለሰፈሩ ልጆች መናፈሻ ሊሠራ ነው ሲሉን ደስ ብሎን ነበር። ከልጅ ልጄ ጋር ሥራውን ላይ ብሄድ ሦስት ትልልቅ ጽዶች ተገንድሰው አገኘሁ።

«ምነው ልጄ፣ ዛፎቹ ምን አደረጓችሁ?» አልኩት ሥራውን የሚመራውን ወጣት።

«ቦታ እያጸዳን ነው፣ እትዬ። አይስጉ፣ ለጥላው የቆርቆሮ ዳስ እንሠራለን።»

ዛፍ ቆርጦ የቆርቆሮ ጥላ! ወላሂ፣ ሳቄና ንዴቴ ተደባለቀብኝ።

ጽዶቹን የተከሉት በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባቴና ጎረቤቶቻችን ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ የእርዳታ ስንዴ እየሰፈረ የመትከያ ጉድጓድ ያስቆፍራቸው ነበር። አባቴ ጉልበቱ እየከዳው ቁጭ ብድግ እያለ ቆፈረ። እኔም ለእኛ እንኳ ያልበቃውን ውሃ በእንስራ እያመላለስኩ አጠጣሁ። ታናሽ እህቴ ግን ስንዴው ሳይደርስላት ሞተች።

ካልተቆረጡት አንዱን ጽድ አቅፌ ይህን ስነግረው ወጣቱ መጋዙን መሬት አስቀመጠ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ማንም አልነገረን» አለኝ።

የቀሩትን አራቱን ላይነካ ቃል ገባልኝ። ሦስቱንስ ማን ይመልሳቸው?

እናንተ ሰፈርስ «አረንጓዴ ቦታ» ለመሥራት ዛፍ የቆረጠ አለ? እስኪ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።