ኮከብ የተደረገባቸው ተመራቂዎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከእንግሊዝኛ መምህርነቴ የተረፈኝ ሥራ ትርጉም ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የጎፋውን ቤት ለቅቄ ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ገባሁ፤ አራተኛ ፎቅ። ስልክ ቁጥሬንም ቀየርኩ። ሐዘንተኛ ነኝ፣ ተዉኝ አልኩ፤ ተዉኝ። ለካ ሰው እንዲህ ታዛዥ ኖሯል!

ባለፈው ክረምት አንድ አሳታሚ ወፍራም መጽሐፍ ሰጠኝ። አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳለች ስለተከፈተ አንድ ኮሌጅ የሚያወራ ነው። ወደድኩት። ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ ከላቲን በቀር እንዳያወሩ ተከልክለዋል፤ ብዙዎቹም ሲመረቁ ሰባኪ ይሆናሉ። ስማቸው የሚደረደረው በውጤት ወይም በፊደል ተራ ሳይሆን በአባት ክብር ነው፤ የዳኛ ልጅ ከፊት፣ የጫማ ሰፊ ልጅ ከኋላ። የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ የእኔ ስም በሩ ጋ ይገኝ ነበር እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የተመራቂዎች ዝርዝር አለ። ከብዙዎቹ ስም ጎን ትንሽ ኮከብ ታትሟል። ምንም አልተጠራጠርኩም። ኮከብ ተማሪ፣ ኮከብ ተጫዋች እያልን አይደል ያደግነው? «ኮከብ ተመራቂ» ብዬ ተረጎምኩ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆች አንድ ሳይቀር ኮከብ ናቸው! ወደ ኋለኞቹ ሲመጣ ግን ኮከቡ እየሳሳ ሄደ። «ትምህርትማ ድሮ ቀረ» ብዬ ተበሳጨሁ። ይባስ ብዬ የትምህርት ጥራት መውደቅ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ የግርጌ ማስታወሻ ጨመርኩበት።

ሥራውን ላስረክብ ስል ከዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አየሁ። ኮከብ ያለባቸው፣ ዝርዝሩ ሲታተም በሕይወት የሌሉት ናቸው ትላለች። ሬሳውን ሁሉ ስሸልም ከርሜያለሁ።

እየሳቅሁ ማረም ጀመርኩ። «ኮከብ» የሚለውን እየሰረዝኩ «ሟች» እያልኩ ወረድኩ። በአንድ ዓመት ከተመረቁት ላይ ስደርስ ሁሉም ኮከብ አለባቸው፤ የአንድ ሰው ስም ብቻ ባዶውን ቀርቷል። ሳቄ ቆመ። ይህ ሽማግሌ ዝርዝሩ እጁ ሲገባ፣ አብረውት የበሉትን ሁሉ በኮከብ ሲያያቸው ምን ብሎ ይሆን?

ከዚያ ወደ ራሴ ዞርኩ። አብረውኝ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጡትን እስከ ዛሬ በስም ጥሪ ተራ እጠራቸዋለሁ። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ግን አላውቅም። የባሕር ማዶ ሙታንን አንድ በአንድ እየለየሁ የገዛ ጓደኞቼን መለየት አቃተኝ። አፈርኩ። ከሁሉ በላይ በማሠልጠኛው ተደራራቢ አልጋ ላይ ከእኔ በታች ይተኛ የነበረውን አሰብኩ። ጎፋ ነው የሚኖረው፤ ታክሲ ይዤ የምደርስበት ሰው ነው። ከባለቤቴ አርባ ወዲህ ግን ዓይኑን አላየሁትም። በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ማደር አልቻልኩም።

ቁጥሩን ከአሮጌ አጀንዳ ውስጥ አግኝቼ ደወልኩ። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ። ሌላ ሰው ካነሳው ልዘጋው ወስኜ ነበር።

«ሃሎ» አለ፣ ራሱ። ድምፁ ሻክሯል። ስሜን ነገርኩት።

«ማነህ አንተ የምትቀልደው?» አለ።

«እኔ ነኝ ባክህ፤ ኮትህን ለብሼ የተመረቅሁት።»

«በስመ አብ! አለህ እንዴ?»

«ሞተ አሉህ?»

«ማንም አላለኝም። ስደውል ስልክህ አይሠራም። ቤትህ ስመጣ ሌላ ሰው በሩን ከፈተልኝ። የት እንደገባህ የሚያውቅ ጠፋ። ዓመት ሲሞላህ ቁጭ ብዬ አለቀስኩልህ፤ ብቻዬን።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀብር የሌለበት ለቅሶ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ ያውም በቁሜ፣ ያውም ከአፍንጫው ሥር ሆኜ። የምኖርበትን ነገርኩትና «በሞቴ፣ እሁድ ና» አልኩት።

«በሞቴ አትበለኝ» አለ። «እሱን አልቅሼ ጨርሻለሁ። በቁምህ ለምነኝ።»

«እንግዲያው ና» አልኩት፤ «ሰው የለኝም።»