ፊት የቆመው ፈረስ

ሚልኬሳ ከኮምፒውተር ቤቱ ሥራ የወጣው አለቃ አልፈልግም ብሎ ነው። የቤቱ ባለቤት ጯሂ ሰው ነበር። ማሽኑ ወረቀት ሲይዝበትም፣ መብራት ሲሄድበትም፣ ዝናብ ደንበኛ ሲያስቀርበትም የሚጮኸው ሚልኬሳ ላይ ነው። አንድ ቀን ሚልኬሳ ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወጣ። ከዛሬ ጀምሮ አለቃም ሠራተኛም እኔው ነኝ፣ ዌብሳይት እየሠራሁ እኖራለሁ አለ። ይሄ እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፣ እዚሁ አምቦ።

ያልጠረጠረው ነገር ነበር። አለቃው በጣም ደግ ሰው ሆነበት። ሠራተኛው ትንሽ ልተኛ ሲለው አለቃው ተኛ ይለዋል፣ ነገ እጀምራለሁ ሲለው ነገም ቀን ነው ይለዋል። ሁለቱ እንደዚያ ተስማምተው ሲኖሩ ሥራው መሀል ላይ ቀረ።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ከዶርቃስ ጋር ነው። ዶርቃስ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እሱ ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል ያድራል፣ ሥራውም እዚያው ነው። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ወንበር አይገባም፤ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይሠራል። ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ ጋደም ይላል፣ ጋደም ያለ ሰው ብርድ ልብስ ይስባል፣ ያው ታውቁታላችሁ።

ዶርቃስ ጠዋት ስትወጣ በሩን ታንኳኳለች። እሱ ከብርድ ልብሱ ስር ሆኖ ተነስቻለሁ ይላል። ከዚያ ስልኩን ያነሳል። ሌሎች ሰዎች የሠሩትን ዌብሳይት ላጥና ብሎ ይጀምርና፣ በጠዋት መነሳት ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ የሚያስተምር ሰውዬ ቪዲዮ ውስጥ ይገባል። ተኝቶ ያየዋል። ሰውየው ተነሱ ይላል፣ ሚልኬሳ እውነቱን እኮ ነው ይላል፣ ዳታው ያልቃል።

ሲነሳ ደግሞ ጎረቤት አለ። ቤት የሚውል ሰው ሥራ የሌለው ነው ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ደምድሟል። ጋሼ ዘገየ፣ ጡረታ የወጡት የአጥር ጎረቤታቸው፣ ዲሻቸው በነፋስ በዞረ ቁጥር ሚልኬሳን ይጠራሉ። ጣራ ላይ ወጥቶ ሲያዞር እሳቸው ከታች ሆነው መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ አይ ሄደ ይላሉ። ሌላዋ ሲሊንደር አስሞላልኝ ትላለች። ሌላው ልጄን ከትምህርት ቤት አምጣልኝ ይላል። ሥራ አለብኝ ቢላቸው ይስቃሉ። የት ነው የምትሠራው ይሉታል። እዚህ ሲል ያን አልጋ ያዩታል።

ከሰዓት መብራት ይሄዳል። ሚልኬሳ ይሄኔ መብራት ኃይልን ይራገማል፤ በልቡ ግን ደስ ይለዋል። ይህን ራሱም ያውቀዋል፣ ይበልጥ የሚያበሳጨውም ይሄው ነው።

እጁ የሚፈታው ደንበኛ ሲቆጣ ብቻ ነው። አዲስ ዓለም ላይ ብሎኬት የምታመርት ፌቨን የምትባል ሴት ነበረች። ለድርጅቷ ዌብሳይት አዛው፣ ስትደውል ደርሷል ይላታል፣ ስትጮህ ያን ቀን ትንሽ ይሠራል፣ ድምጿ ሲረሳው ይተወዋል። ጩኸት ሽሽት የወጣ ሰው ያለ ጩኸት መሥራት አቃተው።

ዶርቃስ ይህን ሁሉ ታያለች። አንድ ምሽት እራት ላይ ነገረችው። ግንጪ ወረዳ መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋሉ፣ የሚያውቀኝ ሰውዬ ቦታውን ይዞልኛል፣ እስከ ፋሲካ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ አለችው።

«ይሄ የምትለው ነገር ሥራ ከሆነ እስከ ፋሲካ አሳየኝ። ካልሆነ ግን ማሎ ሚልኬ፣ ፈርምና ሰው ሁን።»

ሚልኬሳ ተናደደ፤ የመዝገብ ቤት አቧራና ፋይል፣ ሌላ አለቃ፣ ሌላ ጩኸት ታየው። እሺ፣ እስከ ፋሲካ አላት። በማግስቱ አርፍዶ ተነሳ።

የወንጪው ሥራ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ወንጪ ላይ ወደ ሐይቁ ለሚወርድ እንግዳ ፈረስ የሚያከራዩ ገበሬዎች ማኅበር አላቸው። ሊቀ መንበሩ ኦቦ ገቢሳ አምቦ መጡና፣ እንግዳ ከቤቱ ሳይወጣ ፈረሶቻችንን የሚያይበት ነገር ሥራልን አሉት። ሚልኬሳ ይህቺ ታድነኛለች ብሎ ሄደ፣ ፈረስ በፈረስ ፎቶ አነሳ። ከሁሉም የአንድ ለሊሳ የሚባል ገበሬ አምባላይ ፈረስ በለጠበት። ነጭ ነው፣ ከኋላው ሐይቁ አለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ካሜራውን ያያል። እሱን ከፊት፣ ትልቅ አድርጎ አስቀመጠው፤ ሌሎቹን ከታች ደረደራቸው። በሕይወቱ እንደዚህ የሚያምር ነገር ሠርቶ አያውቅም። ከፍቶት ዶርቃስን ሁሉ አሳያት።

ሳምንት ሳይሞላ ኦቦ ገቢሳ ደወሉ።

«ሚልኬሳ፣ ተራውን ለለሊሳ ማን ሰጠው?»

«የምን ተራ ኦቦ ገቢሳ?»

«ፊት የቆመው የሱ ፈረስ ነዋ።»

ፎቶ ነው፣ ለማሳመር ነው ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ግን ፎቶም ቢሆን ቆሟል አሉት። ከዚያ የሆነውን ነገሩት። ወንጪ ላይ እንግዳ ፈረስ አይመርጥም። ጠዋት ፈረሶቹ ወደ ሐይቁ መውረጃው በር ላይ ይሰበሰባሉ፣ ተራ አስከባሪዋ አዴ ሲንቄ የማን ተራ እንደሆነ ትጠራለች፣ እንግዳ የመጣለትን ይቀመጣል። ክፉም ፈረስ ይሁን ደህና፣ ሁሉም እንጀራ የሚበላው እንደዚያ ነው። አሁን አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስልኩን አውጥቶ፣ ይሄ ነጩ ካልሆነ አልሄድም ብሎ ቆመ። ተራው የአንድ ሽማግሌ ነበር። በሩ ላይ ጭቅጭቅ ሆነ። ለሊሳ በሰው ፊት ተራ ቀሚ መስሎ አፈረና አምባላዩን ጎትቶ ቤቱ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ወይ አስተካክለው ወይ ዝጋው፣ አሉ ኦቦ ገቢሳ።

ሚልኬሳ ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ ወረወረው። ከተዘጋ የሚያሳየው ነገር የለም፣ ግንጪ ነው። ስለዚህ ተነስቶ ሠራ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሌላ ፈረስ ፊት እንዲመጣ አደረገው። አሁን ማንም አይከፋውም ብሎ ላከ።

ይሄኛው ባሰ። ሰዎቹ በልጆቻቸው ስልክ እየከፈቱ ማየት ጀመሩ፣ እያንዳንዱ የሚያየው የሌላውን ፈረስ ሆነ። አንዱ የራሱ እስኪመጣ ሲከፍት ሲዘጋ ካርዱን ጨረሰና፣ የኔን አስወጥተኸዋል ብሎ ከሰሰ። ሌላው የራሱ መጣለትና እንዳይጠፋበት ስልኩን ለማንም አልሰጥም አለ፤ ልጁ ስልኬን አባዬ ወሰደብኝ እያለ ሲያለቅስ ዋለ።

ሚልኬሳ ወንጪ ወጣ። በየቀኑ የሚቀየር አደርገዋለሁ፣ የተራውን ቅደም ተከተል ስጡኝና ራሱ እየቆጠረ ይሂድ አላቸው። አዴ ሲንቄ፣ ጋቢ የለበሰች ቀጠን ያለች ሴትዮ፣ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ተራ አስቀድሞ አይታወቅም ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አለችው። «አንዱ ያነክሳል። አንዷ ትወልዳለች። አንዱ ለቅሶ ይሄድና ለጎረቤቱ ይለቃል። ተራ የሚታወቀው ጠዋት ነው።»

«ታዲያ ማን ነው ጠዋት ጠዋት የሚቀይረው?»

«አንተ ነሃ። እኔ እደውልልሃለሁ።»

እንግዲያው ሦስት ሰዓት ላይ ይደውሉልኝ አላት። ፈረሶቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሰበሰባሉ፣ ሦስት ሰዓትማ እንግዳው ሐይቁ ዳር ደርሷል አለችው። የእሷ ስልክ የቁልፍ ነው፣ ገጹን ራሷ አትነካውም። ሌላ የሚያስለምደው ሰው ቢፈልግ አንዱ አልችልም አለ፣ ሌላው ደግሞ ካወቀ የራሱን ፈረስ ያስቀድማል ብለው ገበሬዎቹ አልፈቀዱለትም። ሚልኬሳ ብስጭት እያለ እሺ አለ። በልቡ፣ ሁለት ቀን ደውላ ይሰለቻታል ብሏል።

አልሰለቻትም። ጎህ ሲቀድ ስልኩ ይጮሃል። አዴ ሲንቄ ደግሞ ነገሩን ተናግራ አትዘጋም። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ትላለች። እህትህ ደህና ናት ወይ፣ በሽተኞቿስ፣ አምቦ ዘነበ ወይ ትላለች። ከኋላዋ ፈረስ ያናፋል፣ ሰው ይሳሳቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዛሬ የገቢሳ ዳማ ፈረስ ይቁም የምትለው። ካላነሳ ደጋግማ ትደውላለች። ስልኩን አጥፍቶ የተኛ ቀን ዶርቃስ ስልክ ላይ ደወለች። ቁጥሩን ከየት እንዳገኘች እስካሁን አይታወቅም።

አንድ ቀን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ቀይሬዋለሁ አላትና ተመልሶ ተኛ። ብዙ አልቆየም፣ ደወለች።

«ሚልኬ፣ የቆመው የትናንቱ ጉራቻ ፈረስ ነው። ተኝተሃል እንዴ?»

እንግዳ ስልኩን አሳይቷታል። ሚልኬሳ ዋሽቶ እንደተያዘ ልጅ ዘሎ ተነሳ። ሌላ ቀን ሰፈሩ ኔትወርክ አጣ። ዛሬስ ተገላገልኩ ብሎ ሲነግራት፣ ታዲያ ወዳለበት ሂድ አለችው። በነጠላ ጫማ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ፣ እየተነጫነጨ እስከ አስፋልቱ ወጣ። ሰላም ያለውን ሰው ሁሉ በግንባሩ ነው የመለሰለት። የድሮው አለቃዬ፣ ያ ጯሂው ሰውዬ እንኳን እንዲህ አላደረገኝም ይላል።

ግን የማይካድ ነገር አለ። ፈረሱን ከቀየረ በኋላ እንቅልፉ አይመለስም፣ ብርድ ልብሱም ይቀዘቅዛል። በዚያ ሰዓት መብራት አለ። ጋሼ ዘገየም ሌላውም ተኝቷል ብለው አይጠሩትም። ስልኩንም ካየው አዴ ሲንቄ ትዝ ትለዋለች። የሚያደርገው ሲያጣ የፌቨንን ብሎኬት ይከፍታል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገም ትንሽ። ጎረቤት ዲሽ ብሎ ሲጣራ እሱ ለቀኑ የሚበቃውን ሠርቷል። የሥራ ፍቅር ይዞት አይደለም። እንዲያው ተናዶ ነው የሠራው።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀር የፌቨንን ሥራ ጨርሶ ላከላት። ወዲያው ደወለች፣ በጥርጣሬ።

«ሳልጮህብህ ነው የላክኸው? ምን ሆነህ ነው፣ አሞሃል?»

ደህና ነኝ አላት። ብሎኬቱን አንድ በአንድ አየችና የወንድሜን የግንባታ ዕቃ መደብርም ሥራልኝ አለችው። ሚልኬሳ ይህን ለዶርቃስ ሊነግራት አሰበና ተወው። አታምነኝም አለ። ስንት ጊዜ ደርሷል ብሎ ያልደረሰበት ሰው ነው።

ከዚያ የፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ መጣ። ጠዋት ሚልኬሳ ነቃ። ስልኩ አልጮኸም። አልጋውን አንጥፎ፣ ፊቱን ታጥቦ ላፕቶፑን ከፈተ፤ ስልኩ አሁንም ዝም ነው። ትናንት የቆመው የለሊሳ አምባላይ ነበር። አዎ፣ ለሊሳ ተመልሷል፣ ተራው ደርሶት በደንቡ ነው የቆመው። አሁን ግን ካልተቀየረ ሁለተኛ ቀን ሊቆም ነው፣ ደግሞ ጭቅጭቅ። ሚልኬሳ ተቁነጠነጠ። ስትደውል የሚበሳጨው ሰው ሳትደውልም ተበሳጨ። ደወለላት፤ አታነሳም። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ እያለ የመደብሩን ገጽ ከፍቶ መሥራት ቀጠለ።

በሩ ተንኳኳ። ዶርቃስ ናት፣ ቦርሳዋን ይዛ ለሥራ እየወጣች።

«ተነስቻለሁ» ሲል በሩን ከፈተችው። እውነትም ተነስቷል። አልጋው ተነጥፏል። ትንሽ ቆማ አየችው። የግንጪው ሰውዬ ዛሬ መልስ ይፈልጋል፣ ምን ልበለው አለችው።

ሚልኬሳ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሳ፣ ያንኑ ንዴቱን እንደያዘ መለሰ።

«ጠዋት ጠዋት አይመቸውም በይልኝ።»

ዶርቃስ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ ያለው ነገር ገባትና ሳቋ አመለጣት። አንተን ነው ጠዋት የማይመችህ? አለችው። አዎ አላት። ሥራ ይዣለሁ፣ ከፈለግሽ አሳይሻለሁ፣ አሁን ግን እንዳታስወሪኝ አላት። ጎንበስ ብላ የተሠራውን አየች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ወዲያው የጋሼ ዘገየ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ። ነፋሱ ዲሹን አዙሮባቸዋል፣ ሚልኬሳን ጥሩልኝ ይላሉ። ሚልኬሳ ከውስጥ ሰማቸውና እጁ ቆመ። የዶርቃስ የጫማ ድምፅ ግቢው መሀል ላይ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነው» አለቻቸው። «ሲወጣ ይመጣል።»

ጋሼ ዘገየ እሺ ብለው ገቡ። ከየት ነው የሚወጣው ሊሏት ይሆናል፣ እንጃ፣ ብቻ አላሉም።

ስልኩ ጮኸ። አዴ ሲንቄ ናት። ለቅሶ ላይ ነን፣ አንድ ሽማግሌ አርፎብን ዛሬ ፈረስ አይወጣም አለችው። ሚልኬሳ እግዜር ያጽናችሁ አላት፣ ተነፈሰም። እንግዲያው ዛሬ የሚነካው ነገር የለም፣ አምባላዩ እንደቆመ ይዋል አላት።

«እንዴት ይቆማል?» አለችው። «ዛሬ ማንም አልቆመም እኮ። አንሳው።»

«አዴ ሲንቄ፣ ካነሳሁት ምን ላድርግበት? ገጹ ባዶ አይሆንም።»

«በሩን ብቻ አድርግ። ፈረስ የሌለበት በር።»

ሚልኬሳ ራሱን ያዘ። ይህን ሁሉ የፈረስ ፎቶ ሲያነሳ ባዶ በር አላነሳም። ቢሆንም ከወንጪ ባመጣቸው ፎቶዎች ውስጥ መፈለግ ጀመረ። አንዱ ላይ በሩ ይታያል፣ ጥግ ላይ ግን የፈረስ ጭራ ገብቶበታል። እየተነጫነጨ ጭራውን ያጠፋ ጀመር።