ከሮማኑ ሥር የገባው ጣዝማ

በለጡ ቅናተኛ ነበረች። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ብትሆን አትክድም። ልጅ ሳለች እናቷ የጎረቤት ሕፃን ካቀፈች መሬት ላይ ተንከባልላ ታለቅስ ነበር። ካገባችም በኋላ ቅናቱ አልተዋትም፤ ባሏ ኃይለመስቀል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቅሎውን «የኔ ዓለም» እያለ ሲያሻሻት ሰማችና ከዚያ ወዲያ ለበቅሎዋ በእጇ ገብስ ሰጥታ አታውቅም። ኃይለመስቀል ሞተ፣ በቅሎዋ ተሸጠች፣ አንዲት ልጇም ጅጅጋ ተዳረች። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከፈላና በር ውጪ ካለው ቤቷና ከጓሮዋ በቀር፣ በለጡ የምትሳሳላት ሰዐዲያ ብቻ ነበረች።

የሰዐዲያ ቤት ከበሩ ወደ ውስጥ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። ስፌቷ የታወቀ ነበር፤ ልጁን የሚድር ሁሉ ደጇን ይጠናል። ሁለቱን ያገናኛቸው ጤና አዳም ነው። ጣሊያን በወጣ ሰሞን ሰዐዲያ የታመመ ልጇን አዝላ ጤና አዳም ፍለጋ የበለጡን በር አንኳኳች፤ በለጡም ቆርጣ ሰጠቻት። ልጁ ሲሻለው ሰዐዲያ አንዲት ሙዳይ ይዛ ለምስጋና ተመለሰች፤ ተመልሳም ቀረች ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት መልስ ስፌቷን አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ሮማኑ ሥር ሰሌን ይዘረጋል፤ አንዷ ትሰፋለች፣ አንዷ ትፈትላለች፣ ወሬው ይንቆረቆራል። ኃይለመስቀል የሞተ ጊዜ ሰዐዲያ እስከ አርባው ድረስ ከበለጡ አጠገብ አልጠፋችም። ያለቀሰችው በራሷ ቋንቋ ነበር፤ በለጡ ቃሉን ባትሰማውም ከለቅሶው ሁሉ አንጀቷ የገባው የሰዐዲያው ነው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ሥራዬ መጣች።

ሥራዬ ባሏ የመንግሥት ሥራ ይዞ ከድሬዳዋ ሲዛወር አብራው የመጣች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ከበለጡ አጥር ቀጥሎ ያለውን ግቢ ተከራዩ። ሳቂታ ነች፤ «እትዬ በለጡ፣ እንዴት አደሩ?» ስትል ድምፅዋ የቅንጭቡን አጥር ዘሎ ይመጣል። በለጡ መጀመሪያ አልጠላቻትም። ጠላቻት የተባለው በሥራዬ ጓሮ ጣዝማ ተገኘ ከተባለ ወዲህ ነው።

ጣዝማ እንደ ንብ ቀፎ አይሻም፤ መሬት ውስጥ ገብቶ ማሩን እዚያው ያጠራቅማል። ማሩ ጥቂት ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ለሳል ግን አቻ የለውም። ሰዐዲያ ደግሞ ደረቷ ደካማ ነበር፤ ክረምት ሲገባ የያዛት ሳል ጥቅምት ድረስ አይለቃትም፤ አንዳንዴ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ እስኪጠቁር ትደርሳለች። ይህን የሰማችው ሥራዬ በትንሽ ብርጭቆ ማር ላከችላት። ሰዐዲያ ለምስጋና ሄደች። ደግማም ሄደች። ከዚያማ ወደ በለጡ ከመምጣቷ በፊት እግረ መንገዷን ወደ ሥራዬ ጎራ ማለት ያዘች፤ ስትወጣም ሳቋን ይዛ ትወጣለች። አንድ ቀን ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጠች «ያቺ ልጄ ደግሞ ምን አለችኝ መሰለሽ» ብላ ወሬ ጀመረች። ወሬው ምን እንደነበር በለጡ አልሰማችም። «ልጄ» የምትለው ቃል ላይ ቀርታ ነበር። እንዝርቷ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ።

ያን ሰሞን በቅንጭቡ ክፍተት አጮልቃ የሥራዬን ጣዝማ አየችው። እውነቱን ለመናገር የሚታይ ነገር አልነበረውም። ሸንበቆ የምታህል ቀዳዳ፣ አፏ ላይ ትንሽ ሰም የመሰለ ነገር፣ ዙሪያዋ የተጠረገ ያህል ንጹሕ፤ ከትንኝ ብዙም የማይበልጡ ጥቋቁር ነፍሳት አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሥራዬ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጎመን ስትኮተኩት ዞር ብለውም አያዩዋት። «ይህ ነው እንግዲህ» አለች በለጡ ለራሷ፤ «ለዚህ ነው ሰው የሚከዳው።»

መስከረም ሲያልቅ እግዜር የሰማት መሰላት። ከሮማኑ ሥር፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል፣ መሬቱ ተበስቶ ነፍሳት ሲገቡና ሲወጡ አየች።  ጣዝማ!

ጣዝማ ብዙ ዓይን ካየው ይሰደዳል ይባላል፤ ስለዚህ ያለው ሰው ይሸሽገዋል። በለጡም ሰሌኑን ወደ በረንዳ አዛወረች፤ ቀዳዳውን በእሾህ ከለለችው፤ በላዩ አሮጌ ቅርጫት ዘቅዝቃ ድንጋይ ጫነችበት፤ ለመግቢያቸው ብቻ ጠርዙን ከፈት አደረገችላቸው። ለማንም አላሳየችም፤ ለሰዐዲያ ግን ነገረቻት። «በመድኃኔዓለም በዓል ዋዜማ እቆርጠዋለሁ፤ ማሩ እንዳለ ላንቺ ነው» አለቻት። ሰዐዲያ «ማሻአላህ» ብላ እጇን ስትይዛት በለጡ ያን ሌሊት የተኛችው እንቅልፍ ከስንት ጊዜ ወዲህ ያላገኘችው ነበር።

ነገሩ ግን ደስ የማይል ምልክት ነበረው። የሥራዬ ቀዳዳ አፉ ንጹሕ ነው፤ የበለጡ ግን በየቀኑ አዲስ አፈር ይቆለልበታል፤ ነፍሳቱ አፈሩን ፍርፍር እያደረጉ በአፋቸው ሲያወጡት ይታያል። የሥራዬዎቹ ትንኝ ያካክላሉ፤ የበለጡዎቹ የቴምር ፍሬ ያህላሉ፣ ቀያዮች ናቸው፣ ሆዳቸው ላይ ቢጫ መቀነት የታጠቁ። በለጡ ይህን ሁሉ አይታ የደረሰችበት መደምደሚያ የእሷ አፈር ይበልጥ ለም ነው የሚል ነበር። «የበላ ጣዝማ ይወፍራል፤ የዚያች የተከራየችው ግቢ ምን ያበላል?» ትላለች። በረንዳው ላይ የሰቀለችውን ቋንጣ እየቦጨቁ ሲወስዱ አየቻቸው፤ ጨው አምሯቸው ነው አለች። ዶሮዋ ቅርጫቱ አጠገብ ስትጭር ጮኻ በረረች፤ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒዋ አብጦ አንድ ዓይኗን ጋረደው። በለጡ ዶሮዋን ታቅፋ እያሻሸች፣ ማሩ የበዛ ጣዝማ ማሩን ቢጠብቅ ምን ይገርማል አለች። ከዚህ ሁሉ አንዱን ለሰው ብትነግር ኖሮ መልሱን ወዲያው ታገኝ ነበር። ነገር ግን ጣዝማ ለሰው አይነገርም፣ አይታይም።

ያወቀችው ሊቆረጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ጎመን ልትቀነጥስ ወጥታ ሳለ ከነፍሳቱ አንዱ ከላይ እየከበደው መጥቶ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ አረፈ። በእግሮቹ መሀል የታቀፈው ንብ ነበር፤ ራሱ ተቆርጦ የወደቀ ንብ።  አባቷ በሕይወት ሳሉ ከቤታቸው ጀርባ ሁለት ቀፎ ነበራቸው፤ ቀፎው አፍ ላይ እየተንጠለጠለ ንባቸውን እየነጠቀ አንገቱን የሚቆርጠውን ያን ቀይ ተርብ ሲያዩ ፊታቸው እንዴት ይገረጣ እንደነበር ታስታውሳለች። ጎሬውን መሬት ውስጥ ነው የሚቆፍረው፤ ከነካኸው ግቢውን ጥለህ ሂድ ይሉ ነበር። ስንት ዓመት ረስታው የነበረው ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ያን ሁሉ ቀን በቅርጫት ከድና፣ ከዓይን ጠብቃ ያሳደገችው ተርብ ነው።

ለሰዐዲያ መንገር ነበረባት። በዚያው ከሰዓት ሰዐዲያ መጣች፤ እያሳለች መጣች። በለጡ አፏን ከፈተች፤ ያን ጊዜ ግን ከቅንጭቡ ማዶ ሥራዬ ስትስቅ ተሰማች። «ጣዝማ አለኝ ያለችው ተርብ ነበር» ተብሎ ያ ሳቅ ሲወጣ፣ ሰዐዲያም አብራ ስትስቅ፣ በዓይነ ኅሊናዋ ታያት። አፏን ገጠመች። አንድ ነገር እፈጥራለሁ፣ ተሰደደ እላለሁ አለች በልቧ።

ቀኑ ደረሰ። ጥቅምት ነው፤ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ ተርቦቹ ገና አልወጡም። በለጡ ጭቃ አቡክታ ቀዳዳውን ልትደፍነው ስትነሳ በሩ ተንኳኳ። ሰዐዲያ ናት። ብቻዋን አይደለችም፤ ሥራዬን በክንዷ ይዛታለች።

ሰዐዲያ ነገሩን በቅንነት አስረዳች፤ ይህች ልጅ አቆራረጡን ታውቅበታለች፣ ማሩ እንዳይፈስ ትርዳሽ ብዬ ለምኛት ነው አለች። ሥራዬ የሰንበሌጥ ዘንግ ይዛለች፤ ዘንጉን ቀዳዳው ውስጥ ሰዶ፣ እሱን ተከትሎ መቆፈር ነው ደንቡ። በለጡ ዛሬ ቀኑ አይደለም፣ ብርድ ነው፣ ሌላ ጊዜ ይሁን ብላ ማንገራገር ጀመረች። ሥራዬ ግን ሳትሰማ ሮማኑ ሥር ደርሳ፣ እሾሁን ገፍታ፣ ቅርጫቱን አንስታ ተንበረከከች። የተቆለለውን አፈር አይታ ቅንድቧን ሰበሰበች። «እትዬ፣ ይሄ አፈር...» ብላ ዘንጉን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። ሰዐዲያ ከኋላዋ ጎንበስ ብላ ታያለች።

በለጡ በዚያች ቅጽበት ያሰበችው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሥራዬ ብትነደፍ ሰዐዲያ ትራስጌዋ ቁጭ ብላ «ልጄ፣ ልጄ» እያለች እንደምታስታምማት ነው። ሁለተኛው የሰዐዲያ ደረት ነው፤ ሳል ብቻ ከንፈሯን የሚያጠቁራት ሴት ተርብ ቢወርድባት ከዚህ ጓሮ በእግሯ አትወጣም። የቱ እንደቀደመ እሷም አታውቀውም።

«ተነሺ ከዚያ» አለች፤ ዘንጉንም ከሥራዬ እጅ ነጠቀች። «የገዛ መሬቴን የምቆፍር እኔ ነኝ። በእኛ ቤት ጣዝማ የሚቆርጠው ሰው ብቻውን ነው። ሁለታችሁም ግቡና በሩን ዝጉት።»

«ብቻሽን ምን ብለሽ?» አለች ሰዐዲያ።

«ግቢ አልኩሽ እኮ፣ ሰዐድዬ።»

ገቡ። በሩ ተዘጋ። በለጡ ጋቢዋን ራሷ ላይ ጠመጠመች፤ ጭቃዋን ታቅፋ ተንበረከከች፤ የቻለችውን ያህል ቀዳዳው ላይ ጠቀጠቀች። ደፈነችው። ቀና ብላ እፎይ ልትል ስትል ከግንዱ ማዶ፣ ሥሩ መሀል፣ ያላየችው ሌላ በር እንዳላቸው አወቀች፤ ከዚያ በኩል ጥዝ የሚል ድምፅ መጣ። የመጀመሪያው ቅንድቧ ላይ አረፈ። ከዚያ አንገቷ፣ እጇ፣ ከንፈሯ።

አልጮኸችም። ብትጮኽ ሰዐዲያ በሩን ትከፍታለች። ወደ ቤቱም አልሮጠችም፤ ወደ ታች፣ ወደ ጎመኑ መደብ፣ ከቤቱ ራቅ ወዳለው የውኃ ቦይ ሮጣ በፊቷ ተደፋች፤ ጋቢዋን በላይዋ ጎትታ ጠርዙን በጥርሷ ነከሰች።

በመስኮት ያየቻት ሥራዬ ነች። ሰዐዲያን ወደ ጓዳ ገፍታ ዘጋችባትና አንሶላ ተከናንባ ወጣች፤ በለጡን ከቦዩ አንስታ በቅንጭቡ ክፍተት ወደ ራሷ ግቢ ጎተተቻት። እሷም ሁለት ቦታ ተነድፋለች። የሚገርመው ያቺ ሳቂታ ሴት እያለቀሰች ነበር።

ተርቡን በማግስቱ፣ ፀሐይ ጠልቃ ሁሉም ሲገቡ፣ የሥራዬ ባል ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ ሁለቱንም በር በላምባ በተነከረ ጨርቅና በአፈር ደፈነው። ያን ጊዜ በለጡ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ ፊቷ እንደ ዳቦ ተነፍቶ አንድ ዓይኗ ብቻ በቀጭኑ ያያል። ሰዐዲያ ትራስጌዋ ነበረች። ቤቷን ለልጆቿ ትታ፣ ስፌቷንም ሳታመጣ፣ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከረች ፊቷ ላይ ትደርብላታለች። በለጡ ሕመሙ ቢያቃጥላትም ደስ ብሏት ነበር።

አንድ ጊዜ ሰዐዲያ ጨርቁን ስታገላብጥ ቆም አለች።

«አውቀሽ ነበር አይደል?» አለቻት። «ቤት ስታስገቢን ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

በለጡ ባበጠ ከንፈሯ «ንቡን ተሸክሞ ሲገባ አየሁት» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

 በለጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ማር ያላት እሷ ናት፣ ማር የሌለኝ እኔ ጋ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ ብዬ ነው አለቻት።

ሰዐዲያ ጨርቁን ውኃው ውስጥ ጣለችው። «ወላሂ አንቺ ሴት እብድ ነሽ» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ስመላለስ ማር ነበረሽ? ኮምጣጣ ሎሚሽን እንጂ ምን አጉርሰሽኛል?» ተናዳ ነበር፤ ስትናደድ ሳሏ ይነሳል፤ እያሳለች ውኃ ልትቀይር ወደ ጓዳ ሄደች።

ጓዳ ውስጥ ሥራዬ ነበረች፤ አጥሚት ልታፈላ መጥታ። በለጡ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሰማች። ቀጥሎ የሥራዬ ሳቅ ፈነዳ፤ የሰዐዲያም ተከተለው፤ ሳል የተቀላቀለበት፣ ከልብ የሆነ ሳቅ። በእርግጥ ስለ እሷ ነው የሚስቁት። የድሮው እሳት ከነደፋት ሁሉ በልጦ ደረቷን ፈጀው። ያ ሳቅ የእሷ ነበር፤ ሮማኑ ሥር የእሷ ብቻ ነበር። ትራሱን ጆሮዋ ላይ ልትጭን አነሳችው፤ ሳቁ አላባራም። ትራሱን መልሳ አስቀመጠችና በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለች የቻለችውን ያህል ጮክ ብላ። «እዚህ መጥታችሁ ሳቁ እንጂ።»

ሁለቱም መጡ።