የጾመችው ካርድ

ከዲላ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ለእናቴ «ሐዋሳ እነ አክስቴ ጋ ልሰንብት» ብያታለሁ። እሷም አምና፣ ወይም ያመነች መስላ፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። የሐዋሳው አውቶቡስ በአንድ በኩል ቆሟል፤ እኔ የተሳፈርኩት በሌላ በኩል የቆመውን የሞያሌውን ነው። ረዳቱ «ያቤሎ! ሞያሌ!» እያለ እናቴ ጆሮ ሥር ይጮሃል። በመስኮት ዳቦ ቆሎ በፌስታል አቀበለችኝና «ለአክስትሽ ሰላም በያት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዋሽቼ ወጣሁ እላለሁ እንጂ ማን ማንን እንደዋሸ ዛሬም አላውቅም።

ለምን ወጣሽ ለምትሉኝ፣ አልተራብኩም፣ ያሳደደኝም የለም። የአስረኛ ክፍል ውጤቴ ፕሪፓራቶሪ አላስገባ አለኝ፣ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጥኩ፣ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። ይኸው ነው። ስደተኛ ሁሉ ትልቅ ምክንያት ያለው አይምሰላችሁ፤ አንዳንዱ ቂጡ አያርፍለትም።

ከሞያሌ ወዲያ ሁለት ቀን ከቦሎቄ ጆንያ በላይ በጭነት መኪና ተጓዝኩ። አቧራው ጥርሴ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ናይሮቢ ስደርስ ምራቄ ቀይ ነበር። ኢስትሊ የሚባለው የስደተኛ ሰፈር ወረድኩ። መጀመሪያ የገረመኝ ቅዝቃዜው ነው፤ አፍሪካ ወደ ታች ሲወርዱ ይሞቃል ብሎ ያስተማረኝን የጂኦግራፊ አስተማሪ በሐምሌ ወር እዚህ አምጥቶ ያለ ሹራብ ማቆም ነው። ሁለተኛው ኡጋሊ ነው። ኡጋሊ ማለት ቅቤና በርበሬ የተከለከለ ገንፎ ነው። ሦስተኛው ሰው በሰልፍ ማታቱ መጠበቁ ነው! ዲላ ሚኒባስ ሲመጣ ክርንሽ ነው ትኬትሽ።

ኢስትሊ ክፍል ያከራየኝን ሰውዬ «ውኃ አለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አለ።»

«መቼ መቼ?»

«ሲመጣ።»

«መብራትስ?»

«መብራትና ውኃ ተጣልተዋል። አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል።» ይህን ብሎ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀበለኝ፤ ሁለቱም ግን አልመጡም። ሰውዬው ባያታልለኝ ኖሮ እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ሁርሊንግሃም የሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ስንዱ ምግብ ቤት ነው። እትዬ ስንዱ የደሴ ሰው ናት። ናይሮቢ አሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ ስዋሂሊዋ የገበያ ስዋሂሊ ነው፣ እንግሊዝኛ ግን «ኖ ፕሮብሌም» ከምትለው በቀር አታውቅም። አስተናጋጅ ሆኜ ገባሁ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ጸሐፊዋም አስተርጓሚዋም ሆንኩ። ደመወዜ ግን የአስተናጋጅ እንደሆነ ቀረ። ስጠይቃት «ምላስሽ በነጻ ነው የተሰጠሽ፤ ለምን ትሸጪዋለሽ?» አለችኝ። እኔም ለብዙ ጊዜ አልቀመጥም፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብዬ ኢስትሊ ካለ ደላላ ጋር ተነጋግሬ ስለነበር ሥራዬን ቀጠልኩ።

እትዬ ስንዱ ክሬዲት ካርድ ነበራት። ክሬዲት ካርድ ማለት፣ አገር ቤት ላላችሁ፣ ፕላስቲክ የሆነ ዱቤ ነው። ባንኩ እስከዚህ ድረስ ግዢ ብሎ ወሰን ያበጅልሻል፤ ያንን ሊሚት ይሉታል። በዚያን ጊዜ ናይሮቢ ውስጥ ክራባት ያሰሩ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ካርድ እንደ ሎተሪ ያድሉ ነበር፤ ለእሷም ለምነው ነው የሰጧት። እሷ ሥጋና መጠጥ ትገዛበታለች፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ጥሬ ብር ይዛ ተሰልፋ ሙሉውን ትከፍላለች። ባንኩ ከእሷ አንድ ሺሊንግ ወለድ በልቶ አያውቅም።

በየዓመቱ የቅበላ ዕለት ደግሞ ያለባትን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍላ፣ የሥጋ ቢላዎቿን አጥባ በጨርቅ ስትጠቀልል ካርዷንም አብራ ትጠቀልላታለች። «ሥጋ የምገዛባት ናት፤ እሷም ትጹም» ትላለች። ምስሩና ሽሮው በጥሬ ብር ከኢስትሊ ይመጣል። ካርዷ ሃምሳ አምስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ትተኛለች። እኔ ይህን ሳይ ሳቅሁ። ባንኩ ግን አልሳቀም።

የሕማማት ማክሰኞ፣ የእኛ ሰዎች ያረዱትን ለብቻ ወደሚያስቀምጥላት ሥጋ አከፋፋይ ሄድን። ለፋሲካ ሥልሳ ቤተሰብ ሥጋ አዟት፣ አብዛኛው ቀብድ ሰጥቷታል፤ ቀብዱ ለሽንኩርትና ለቅቤ አልቋል። የቀረው የሁለት በሬ ሥጋ ማዘዝ ብቻ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ካርዷን በማሽኑ ላይ አንሸራተታት። «ዲክላይን» አለ፤ ካርዱ አልሠራም ማለቱ ነው። በጨርቁ ወልውሎ ደገመ። «ዲክላይን።» ሦስተኛ ሲሞክር ከኋላችን የተሰለፉት ዞር ዞር ብለው አዩን። እትዬ ስንዱ «ከጾም ስለወጣች ደክሟት ይሆናል» አለች፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ሥልሳ ቤተሰብ ጾሙን የሚፈታው በእሷ ቃል ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያቆመችው ስም በአንድ ቅዳሜ ሊወድቅ ነው።

በቀጥታ መሃል ከተማ ባንኩ ሄድን። ያስተናገደችን ዋምቡይ የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት። ተነስታ እጇን ዘረጋች። እትዬ ስንዱ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ ዋምቡይ።

«ሕማማት ነው። በዚህ ሳምንት ሰው አንጨብጥም፣ አንሳሳምም።»

«ለምን?»

«በይሁዳ ምክንያት። ጌታን ስሞ ነው የሸጠው።»

«ታዲያ እኔ ይሁዳ ነኝ?»

ለእትዬ ተረጎምኩላት። ትንሽ አሰበችና «ሊሚቱን ከመለሰችልኝ አይደለችም በያት» አለች። ይህን አልተረጎምኩትም።

ዋምቡይ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው። ሊሚቱ ከመቶ ሰማንያ ሺህ ወደ ሠላሳ ሺህ ሺሊንግ ወርዷል። «ደብዳቤ ልከናል፣ ማማ። ከየካቲት ጀምሮ ካርዱ ዜሮ ነው። ምግብ ቤት ሁለት ወር ሙሉ ምንም ካልገዛ ተዘግቷል ማለት ነው። አሜሪካ የሆነውን ደግሞ ሰምታችኋል፤ ሰው የቤት ዕዳውን መክፈል አቅቶት ባንኮች ወደቁ። አሁን የሚያሰጋው ሁሉ ይቀነስ ተብሏል። ሲስተሙ ራሱ ነው የሚቀንሰው።»

«አሜሪካ ቤት ተበድሬ ያልከፈልኩት እኔ ነኝ?» አለች እትዬ ስንዱ። «ጾም ነው በያት። ሃምሳ አምስት ቀን።»

«ሃምሳ አምስት!» ዋምቡይ እውነትም ደነገጠች። «እኔም ካቶሊክ ነኝ፣ ጾሜያለሁ። ግን ፋሲካ'ኮ ባለፈው እሁድ አለፈ!»

«ያለፈው የእናንተ ነው» አልኳት። «የእኛ የፊታችን እሁድ ነው።»

«ሲስተሙ ደግሞ የሚያውቀው የእኛን ነው። ለእሱ፣ ፋሲካ መጥቶ ሄደ፣ እሷ ዶሮ እንኳ አልገዛችም።»

ደብዳቤው አልደረሰንም እንጂ እትዬ ስንዱ የባንክ ወረቀት ጥላ አታውቅም። ማታቱ ይዤ ሁርሊንግሃም ሄድኩና የሦስት ዓመቱን ስቴትመንት በብስኩት ቆርቆሮ ይዤ ተመለስኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ይኸው፣ በየዓመቱ ሁለት ወር ባዶ፤ ይኸው፣ ከባዶው ማግስት የሁለት በሬ ሥጋ፤ ይኸው፣ በወሩ ተከፍሏል። ዋምቡይ በእርሳስ እያሰመረች አየች። «ምን ተምረሽ ነው?» አለችኝ። አስረኛ ክፍል ስላት «ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ባለዲግሪዎች ይህን አላዩትም» አለችና የምሳ ሰዓቷን ትታ አቤቱታውን ራሷ ጻፈችልን። አገር ቤት አንድ ማኅተም ለማግኘት ስንት ቀን «ነገ ነይ» እንደምባል አስቤ፣ ልስማት ቃጣኝ፣ ሕማማት ሆነብኝ እንጂ።

«መልሱ በአሥራ አራት የሥራ ቀን ይደርሳችኋል» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሰብራ። «ፖሌ፣ ማማ።» አዝናለሁ ማለቷ ነው።

ኋላ ላይ፣ በግንቦት፣ ግማሹን መልሰውላታል። እሷም በሚቀጥለው ሁዳዴ በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ውኃ በካርዱ እገዛለሁ ብላ ዝታለች። የዚያን ዕለት ግን አሥራ አራት የሥራ ቀን ለፋሲካ አይደርስልንም ነበር።

ምግብ ቤት ስንመለስ ወጥ ቤት ገብቼ የዱቤ ደብተሮቹን አወጣሁ። ሦስት ወፍራም ደብተር ነው። ሥራ የሌለው፣ ወረቀቱን የሚጠብቅ፣ ወንድሙ ከካናዳ እስኪልክለት የሚበላ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

«እትዬ፣ እነዚህን እንሰብስባቸው» አልኳት። «ያልከፈለ ከነገ ጀምሮ አይበላም።»

«እኔም ሊሚት ልቀንስ?»

«ባንኩ ቀንሶብሽ የለ!»

«ባንኩ የማን ቤት ምን እንደሚጾም ስለማያውቅ ቀነሰ። እኔ አውቃለሁ። ደግሞስ ደብዳቤውን የት ልትልኪላቸው ነው? ግማሾቹ አድራሻ የላቸውም።» ደብተሮቹን ከእጄ ተቀብላ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው።

እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? በሩን ዘግቼ ኢስትሊ እደበቅ ነበር፤ ባለሱቅ ሲከስር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እሷ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጿሚው ሁሉ ምሳውን ሊበላ ሲሞላ፣ ሽርጧን እንዳሰረች መሃል ቤት ቆመች።

«ስሙኝማ! ሥጋ የለኝም። ባንኩ ካርዴን ሸርፎብኛል። ቀብዳችሁን በልቻለሁ፤ በሽንኩርት መልክ እጓዳ አለ፣ የፈለገ ይውሰድ። ዘንድሮ ፋሲካ ቅርጫ ነው። ያለው ያዋጣ። ቀብድ የሰጠ ቀብዱ ይታሰብለታል። የሌለው በጉልበቱ ይግባ።»

አንድ ኢንጂነር የምንለው፣ በትልቅ መኪና የሚመጣ ደንበኛ «እኔ ለቅርጫ አልተመዘገብኩም። ንግድ ከሆነ ንግድ ነው» ብሎ ቀብዱን ጠየቀ። እትዬ ስንዱ ቃሏን አላጠፈችም፤ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል መዝና ሰጠችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሽንኩርቱን ትቶት ወጣ።

ከዚያ ጋሽ ደምሴ ተነሳ። ጋሽ ደምሴ መካኒክ ነው፤ በደብተሩ ውስጥ አራት ወር አለበት፣ ስሙን ሳይ ሁሌ እናደድ ነበር። «ብር የለኝም» አለ። «ማረድና መበለት ግን ከአባቴ ተምሬያለሁ።»

«ቢላ ያለው መደብ አለው» አለችው።

የመዋጮ መመዝገቢያ ወረቀት ወጥ ቤት በር ላይ ለጠፍኩ። በስቅለት እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ዋለች፣ እኔ ወረቀቱን ሳይ ዋልኩ። ሥልሳው ሁሉ አልመጣም። አርባ አንድ ስም ሞላ። ከአርባ አንዱ አሥራ ሁለቱ ደብተሩ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ እኔ ከነገ ጀምሮ አይብሉ ያልኳቸው፣ ብሩን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ሁለት በሬ አልደረሰም፤ አንድ በሬና አራት ፍየል ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ወጣ ያለ ቄራ ጋሽ ደምሴ ባርኮ አረደ። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ ላይ ዘርግተው ሲመድቡ፣ አንዱ ጉበት እየቆጠረ፣ አንዱ «ሽንጡ ወደዚህ አዘንብሏል!» እያለ ሲጨቃጨቁ፣ እናንተዬ፣ ናይሮቢ መሆኔን ረስቼ ነበር።

ዕጣ የሚሆን ነገር ከየሰዉ ሰበሰብኩ፤ የበር ቁልፍ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የማታቱ ቲኬት፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ። ፊቱን የተሸፈነ ልጅ እየዞረ በየመደቡ ላይ ጣለ። አንድ መደብ ሳይነካ ቀረ።

«ይሄ የማን ነው?» አልኩ።

«ያንቺ ነዋ» አለች እትዬ ስንዱ።

«እኔ አላዋጣሁም።»

«ከደመወዝሽ ቆርጫለሁ። በነጻ የምሰጥሽ መስሎሽ ነው?»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እኛ ሰፈር ቅርጫ የሚገባው ቤት ያለው ነው። አባቴ ይገባል፣ ጎረቤት ይገባል፤ ልጅ አይገባም፣ ሠራተኛ አይገባም፣ መንገደኛማ ጨርሶ አይገባም። ሥጋውን በሳፋ ተቀበልኩ። ለደላላው የያዝኩት ገንዘብ ከፍራሼ ሥር እንዳለ ነው፤ ለሌላ ነገር አላዋልኩትም፣ ለእሱም አልሰጠሁትም።

የፋሲካ ዕለት ከቀትር በኋላ ለእናቴ ደወልኩ፤ የት እንዳለሁ ካወቀች ቆይታለች። «እንኳን አደረሰሽ» ተባባልን። «ጾሙን በምን ፈታሽ?» አለችኝ።

«በሥጋ። ቅርጫ ገብቼ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን፣ እማዬ። በስሜ።»

ከወዲያ የጎረቤት ልጆች ሲጮሁ ይሰማኛል። «በስምሽ መደብ ወጣልሽ?» አለች ቀስ ብላ።

«ወጣልኝ። ጥሩ ነው የደረሰኝ፣ ጎድንም አለበት።»

«እሰይ የኔ ልጅ። እሰይ።» ከዚያ «እንግዲያው አልጋሽን ለታናሽሽ ልስጣት?» አለችኝ።

ስልኩ ሒሳቡ ሊያልቅ ቲት ቲት ማለት ጀመረ። ከፍራሼ ሥር ያለው የመንገድ ገንዘብ ትዝ አለኝ።

«ቆይ» አልኳት።