የእትዬ በለጠች እልልታ

እትዬ በለጠችን ባላገሩ የሚያውቃቸው በድምፃቸው ነበር። ደባርቅ ከምንሠራበት ጤና ጣቢያ አጥር ውጭ ቃሬዛውን አስደግፎ የሚጠብቅ ሰው መልካቸውን ባያውቅም እልልታቸውን ይለየዋል።

እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሲያንሰኝ የተቀጠርኩበት። መስኮቴና የማዋለጃው በር ፊት ለፊት ስለሆኑ እሳቸውን ሳይ ነው የምውለው። የማዋለጃ ረዳት ይባላሉ እንጂ ሥራቸው ማለቂያ የለውም። መቀስ ይቀቅላሉ፣ በደም የራሰ አንሶላ ያጥባሉ፣ የእንግዴ ልጅ ይቀብራሉ። ምጥ የበረታባትን ከኋላዋ ተቀምጠው ወገቧን ይደግፋሉ። አዋላጇ ሲስተር ዕፀገነት "ግፊ!" ስትል፣ እሳቸው በጆሮዋ "ማርያም ትቅረብሽ፣ ልጄ" ይላሉ።

ቤተሰብ ማዋለጃ አይገባም። ድሮ ታዲያ ሰዉ መስኮቱን ሊሰብር ይደርስ ነበር አሉ። መላ ያበጁለት እትዬ በለጠች ናቸው። ልጅ ሲወለድ በሩን ገርበብ አድርገው እልል ይላሉ፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ውጭ ያሉት ይቆጥሩና ይቀበሏቸዋል። እልልታው ከቀረ ግን ነገሩ አንድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ለቅሶ ይነሣል።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ቢራራ። ዳባት ገበያ በግ ሊሸጥ ወጥቶ ለውትድርና በአፈሳ ያዙት፤ እናቱ ሳይሰናበቱት በሊማሊሞ አወረዱት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሽሬ የሚወርድ የወታደር መኪና ባለፈ ቁጥር የያዙትን አስቀምጠው በር ላይ ይቆማሉ።

"ሲመጣ እድረዋለሁ፤ ልጅቱንም አይቻለሁ" ይሉኛል።

"ማን ናት እትዬ?"

"ለካርድ ክፍል ተነግሮ! ማታውኑ ታች ድብ ባሕር ድረስ ይሰማል።"

በሰማንያ አንድ፣ ከሽሬው ጦርነት በኋላ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ዋሴ አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰ። ቢራራ ከጎኑ እንደወደቀ የነገራቸው እሱ ነው፤ እኛ ያወቅነው ግን ኋላ ነው። መርዶ በወጉ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ የሚነገር ነገር ነው። ዋሴ የነገራቸውን ወሬ ነው አሉ፤ መርዶ ያልተረዳ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጥም። በማግስቱ ሽርጣቸውን አሥረው ሥራ ገቡ።

የዚያን ዕለት ከሊማሊሞ ግርጌ የሺወርቅ የምትባል ወላድ በቃሬዛ መጣች። አማቷ አቶ ሻረው ካርድ ሊያወጡላት መስኮቴ ላይ ቆሙ።

"ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"አንበጣ በገባ ዓመት ነው የተወለደች ይላሉ። አንቺው ድረሽበት።"

"ባሏስ?"

በአገጫቸው ቁልቁል ወደ ሊማሊሞ ጠቆሙኝ። ገባኝ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ላቀው የሚባለው፣ ላቡን እየጠረገ "ያን ዳገት ስንወጣ እኛም ከሷ እኩል አምጠናል፤ ለእኛም ካርድ አውጪልን" አለኝ። ሳቅን።

እኩለ ቀን ላይ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ። ለእኔ ቅርብ ነው፤ አጥሩ ድረስ ግን አይሰማም። የማዋለጃው በር ተከፈተ። እትዬ በለጠች መቃኑን ይዘው አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። የለም።

ውጭ ያሉት በሩ መከፈቱን አይተዋል። አቶ ሻረው ጋቢያቸውን አዘቀዘቁ።

"ወይኔ የሺ! ልጄ ሲመጣ ምን እለዋለሁ!"

ለቅሶው ተነሣ። እትዬ በለጠች ወደ አጥሩ ሮጡ፤ ደህና መሆኗን ሊነግሩ መስሎኝ ነበር። ሊነግሩም ነበር የወጡት። ግን "ልጄ ሲመጣ" የሚለው ጆሯቸው ሲገባ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው "ልጄን! ልጄን!" እያሉ መሬት ላይ ወደቁ። ሰዎቹ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈልጋሉ? ላቀው ደረቱን ይመታ ጀመር።

ሆዴን ይዤ ሮጥኩ፤ ያኔ እርጉዝ ነበርኩ። "ኧረ ደህና ናት! ልጁም ደህና ነው! ልቅሶውን ሰምቻለሁ!"

ሰዎቹ ለቅሷቸውን አቆሙ። እትዬ በለጠች ብቻ አላቆሙም።

"ምን ዓይነት ሴት ነሽ አንቺ? ሰው በቁሙ ታስለቅሻለሽ?" ላቀው ጮኸባቸው።

"ቆይ አንተ!" አቶ ሻረው ጎንበስ አሉ። "እመቤቴ፣ ለማን ነው?"

"ለቢራራ። ለልጄ። ሽሬ ቀረ። ሲስተር ወንድ ነው ስትለኝ ድምፄ እምቢ አለኝ።"

"መርዶ ተረዱ?"

"ማን ያርዳኝ፣ ጌታዬ?"

ሽማግሌው ሰዎቻቸውን ዞረው አዩ። "ተቀመጡ" አሏቸው። "ጋቢው አንዴ ተዘቅዝቋል።" ከዚያ ፊታቸው ቆመው ቀስ ብለው፣ እንደ ወጉ፣ "ልጅዎ ቢራራ ዐርፏል። እግዚአብሔር ያጽናዎት" አሉ።

ከሊማሊሞ ግርጌ የመጡ ሰዎች ለማያውቁት ልጅ አጥራችን ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። የሺወርቅን የጠየቋት ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ የነካኝ የላቀው ነገር ነበር፤ ነገሩ ሲገባው እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ በለጠች እልል አላሉም። አጥሩ ድረስ እየሄዱ በአፋቸው "ሁለቱም ደህና ናቸው" ይላሉ። ሰዉም ለመደው።

የእኔ ተራ ሲደርስ ከኋላዬ ተቀምጠው ያዙኝ። እልል ይበሉልኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ወንድ ወለድኩ። አጥበው፣ ጠቅልለው፣ ብዙ አዩት። ከዚያ እሱን እንደታቀፉ በሩን ገፋ አደረጉ።

እልልታቸው ሻካራ ሆኗል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። አራተኛውን ስጠብቅ በሩን ዘጉት።

"እትዬ፣ ወንድ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ዝም በይ። ሴት ናት ይበሉ፤ ይደግልሽ።"

ውጭ እናቴ ሦስቱን ተቀብላ እልል ስትል ይሰማኝ ነበር። የወታደር መኪና በመንገዱ እያለፈ ነበር።

አሁን ልጄ ይሮጣል። ስሙ ያርጋል ነው። ክትባት ስወስደው እትዬ በለጠች ከማዋለጃው በር ሆነው "ነይ፣ የኔ እመቤት!" ይሉታል። እሱም አቤት ብሎ ሄዶ ሽርጣቸው ውስጥ ይገባል።